ሞተሩ ለምን ተቃጠለ?

በወፍጮ ቤትም ሆነ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሞተር በተቃጠለ ቁጥር «ዕቃው አይረባም ነበር» ይባላል። እኛ ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የሞተሩ ነው ብለን አናምንም።

እ.ኤ.አ. በ1889 ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ የሠራው ባለ ሦስት ፌዝ ኢንዳክሽን ሞተር ዛሬም የኢንዱስትሪ ዋነኛ ጉልበት ነው። የሚያልቅ ብሩሽ ስለሌለው በተለይ የሚያረጁት ኩሺኔታውና ኢንሱሌሽን የሚባለው የሽቦው ልባስ ናቸው። የልባሱ ጠላት ሙቀት ነው። መሐንዲሶች በልምድ እንደሚገምቱት፣ የጥቅሉ ሙቀት ከተመደበለት ወሰን በላይ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የልባሱ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል።

ነገሩ አገራችንን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። በሞተሩ ሰሌዳ ላይ የሰፈረው ጉልበት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ የተመደበ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ከሞተሩ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ብርድ ጉድለቱን በከፊል ይክሳል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በቀትር ግን ብርዱ ከወዴት ይመጣል?

እንግዲህ ምክንያቱን ሳይመረምሩ የተቃጠለውን ሞተር አስጠቅልሎ ወደ ቦታው መመለስ ለዚያው ሙቀት መልሶ መስጠት ነው። ተማሪዎቻችን የሞተርን ጉልበት በወረቀት አሳምረው ያሰላሉ፤ ሰሌዳውን ጎንበስ ብለው እንዲያነቡ ግን እኛ መምህራኑ እምብዛም አላስተማርናቸውም። ሞተር የሚገዛ ፋብሪካም ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የሚተከልበትን ከፍታ ለሻጩ ይንገር።