ቁጥር አይደመጥም

ጃዝን እንወዳለን በሚሉ ወገኖች ዘንድ፣ ይልቁንም ገንዘብ በተረፋቸው የምዕራብ አገሮች አድማጮች መካከል፣ ካለፈው ሩብ ምዕተ ዓመት ወዲህ አንድ አዲስ አምልኮ ተስፋፍቷል። የሚሰገድለት ጣዖት ቁጥር ነው። 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ፣ 192 ኪሎኸርዝ የሚሉ ጽሑፎች በአልበሙ ሽፋን ላይ ከተጫዋቹ ስም ባልተናነሰ ጎልተው ይታተማሉ። ከ60 ዓመት በፊት ተቀርጾ በሸክላ፣ በካሴትና በኮምፓክት ዲስክ ሲሸጥ የኖረ ሥራ ቁጥሩ ከፍ ባለ ጊዜ ሁሉ እንደ አዲስ ለገበያ ይቀርባል። ገዢውም ያንኑ ሙዚቃ ለአምስተኛ ጊዜ ገዝቶ «አሁን ገና በትክክል ሰማሁት» ይላል።

ለመሆኑ የሰማው ምንድን ነው? ጥያቄው የቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። የአንድ ዘመን ሙዚቃ በምን ሁኔታ ለተከታዩ ትውልድ እንደሚተላለፍ፣ ለዚህም የሚውለው ገንዘብና ጉልበት ወደ ቴፕ ማከማቻው ይሂድ ወይስ ወደ ባለጸጋው ሳሎን የሚለውን የሚወስን ጥያቄ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከአሠራሩ መጀመር ይገባል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዲጂታል ቅጂ ማለት የድምፅን ሞገድ በየሴኮንዱ እየደጋገሙ ለክቶ ልኩን በቁጥር መመዝገብ ነው። በ1982 ለገበያ የቀረበው ኮምፓክት ዲስክ በአንድ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልክ በ16 ቢት ይጽፋል። ናይክዊስት በ1928፣ ሻነን በ1949 ያጸኑት ሕግ እንደሚያስረዳው የልኬቱ ብዛት ከሞገዱ ፍጥነት እጥፍ ከበለጠ ሞገዱ ሳይጎድል ተመልሶ ይገኛል። እንግዲህ ሲዲ እስከ 22 ኪሎኸርዝ ግድም ይደርሳል። ጤነኛ ወጣት የሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ያለውን ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይህም እየቀነሰ ይሄዳል። ባለ ብዙ ብር ማጫወቻ ለመግዛት አቅም የሚኖረው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት አይደለም።

የቢቱም ነገር እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ቢት ከጸጥታ እስከ ታላቅ ድምፅ ባለው ርቀት ላይ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ 16 ቢት 96፣ 24 ቢት 144 ዴሲቤል ይሰጣል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ጃዝ የተቀረጸበት ጥሩ የሚባል ቴፕ ግን ከራሱ ሹክሹክታ በላይ የሚይዘው ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ቢሆን ነው። ስለዚህ የ1959ን ቴፕ በ24 ቢት የገለበጠ ሰው ያተረፈው የቴፑን ሹክሹክታ በላቀ ጥንቃቄ መመዝገብን ነው። አንድ ብርሌ ጠጅ በጋን ቢገለበጥ ጠጁ አይበዛም።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ ነው የሚል ቢኖር ጆሮም ተፈትኗል። ማየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2007 በድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በ1999 በሶኒና በፊሊፕስ የቀረበውን ሱፐር ኦዲዮ ሲዲና መሰሎቹን አንድ ጊዜ በቀጥታ፣ አንድ ጊዜ በተራ ሲዲ ልክ እንዲያልፉ አድርገው አሰምተዋል። ከ554 ሙከራዎች በ276ቱ አድማጮች በትክክል ለይተዋል። ሳንቲም ወርውሮ መገመትም ከዚህ የተለየ ውጤት አይሰጥም። የተቃራኒውን ወገን ማስረጃ መሸሸግ የቅን ተከራካሪ ወግ ስላልሆነ የሎንዶኑ ምሁር ጆሹዋ ራይስ በ2016 ያወጣውም ይጠቀስ። እርሱ 18 ጥናቶችን፣ ከ12,000 በላይ ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ አድማጮች 52.3 በመቶ ያህል ለይተዋል፤ ሥልጠና ያገኙትም እስከ 60 በመቶ ገደማ ደርሰዋል ብሏል። ይሁን። ከግምት በሁለት በመቶ የሚበልጥ ልዩነት ግን በሽፋን ላይ የሚነገረውን ዐዋጅ ይሸከማል ወይ?

ይህ ዝንባሌ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሸቀጡ ለሁሉም ከተሸጠ በኋላ አዲስ ፍላጎት መፍጠር የገበያው ባሕርይ ነው። ኒል ያንግ በ2014 ፖኖ ለተባለው ማጫወቻ ከሕዝብ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ በ2017 ሥራው ቆመ። በ2014 ኤም ኪው ኤ የተባለ ምሥጢራዊ አሠራር ቀረበ፤ ኩባንያው በ2023 በዕዳ አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ። አድማጩ ግን ያንኑ የኮልትሬን ሳክስፎን እንደገና ገዝቶ ነበር።

ቁጥርን ንቀው በሸክላ ብቻ የሚምሉትም ቢሆኑ የተሻለ መሠረት ላይ አልቆሙም። ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የቢል ኤቫንስን፣ የሚንገስን፣ የማይልስ ዴቪስን ሥራዎች ከዋናው ቴፕ በቀጥታ የተቆረጡ በሚያስመስል አነጋገር በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በጁላይ 2022 የገዛ መሐንዲሶቹ በመካከሉ የዲጂታል ቅጂ እንዳለ አመኑ፤ አሠራሩም ከ2011 ጀምሮ የነበረ ሆኖ ተገኘ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዲጂታል ነገር በሩቁ ይሸተኛል የሚለው አድማጭ ሸክላውን እያደነቀ «የአናሎግ ሙቀት» ሲል ከርሟል። በ2023 ጉዳዩ በ25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሸክላዎቹ መጥፎ አለመሆናቸው ነው። መሐንዲሶቹ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል፤ ውሸቱ የነበረው በማስታወቂያው ውስጥ ነው።

ታዲያ አሮጌ ቅጂን የሚለውጠው ምንድን ነው? ከሁሉ የታወቀው አልበም ራሱ መልስ ይሰጣል። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» በማርች 2 እና በኤፕሪል 22 ቀን 1959 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው የኮሎምቢያ የ30ኛው ጎዳና ስቱዲዮ ተቀረጸ። በመጀመሪያው ቀን ዋናው የመቅረጫ መኪና ከሚገባው ጥቂት ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። በዝግታ የተቀዳ ክር በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፤ ቅኝቱም ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የሸክላው አንደኛ ገጽ፣ ይኸውም ሦስት ሙዚቃዎች፣ ከትክክለኛው ድምፅ ከፍ ብለው ለ33 ዓመታት ታተሙ። ልዩነቱ ከግማሽ ድምፅ ያነሰ ቢሆንም በቅኝት ለሠለጠነ ጆሮ ቀላል ነገር አይደለም። ከሸክላው ጋር አብሮ ለመለማመድ ፒያኖ ፊት የተቀመጠ ተማሪ ሁለቱ አልስማማ ይሉታል። መሣሪያው ወይም የራሱ ጆሮ የተበላሸ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ስሕተቱ የታረመው በ1992 ነው። ያረመው የቢት ብዛት አልነበረም። በዚያው ቀን ለመጠባበቂያ ጎን ለጎን ትዞር የነበረች ሁለተኛ መኪና ፍጥነቷ ትክክል ስለነበር የእርሷ ቴፕ ከማከማቻ ወጥቶ ታተመ፤ የታተመውም በ16 ቢት ሲዲ ነው። ዛሬ ያንን የተሳሳተ የ1959 ገጽ በ192 ኪሎኸርዝ ቢገለብጡት፣ የሚገኘው በከፍተኛ ጥራት የተሳሳተ ቅኝት ይሆናል። የመጠባበቂያውን ቴፕ በሥርዓት ሰይሞ፣ በካርቶን አሽጎ፣ ለ33 ዓመታት በመደርደሪያ ያቆየው የማከማቻ ሠራተኛ ስሙ በሽፋኑ ላይ የለም።

የኮልትሬን ሥራዎች ታሪክ ከዚህም ይመራል። በዲሴምበር 9 ቀን 1964 በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ የተቀረጸው «ኤ ላቭ ሱፕሪም» የስቴሪዮ ዋና ቴፑ ጠፍቷል። በ2002 የወጣው የታረመ እትም የተሠራው በ1965 ወደ እንግሊዝ ተልኮ በኢኤምአይ ማከማቻ ከተገኘ ቅጂ ነው። በማርች 6 ቀን 1963 የተቀረጸውና በ2018 «ቦዝ ዳይሬክሽንስ አት ዋንስ» በሚል ርእስ የወጣው ሥራም የስቱዲዮ ቴፑ የለም፤ የተገኘው ኮልትሬን ለራሱ ማዳመጫ ወደ ቤቱ ይዞት ከሄደው የሞኖ ቅጂ ነው። ያቆየውም የመጀመሪያ ባለቤቱ ቤተሰብ ነው። ይህን ሥራ ኩባንያው ዛሬ በከፍተኛ ጥራት ይሸጠዋል። በጁን 1 ቀን 2008 በሆሊውድ የዩኒቨርሳል ማከማቻ ሲቃጠል የጃዝ ዋና ቴፖችም አብረው እንደነደዱ በ2019 አንድ ታላቅ የኒውዮርክ ጋዜጣ ጽፏል። ኩባንያው የጠፋ መኖሩን ሳይክድ በብዛቱ ላይ ተከራክሯል። ያም ሆነ ይህ እሳቱ ከደረሰ እስከ ጽሑፉ መውጣት 11 ዓመታት አልፈዋል።

በሙከራ ሙዚቃ ዘንድ ደግሞ የጥራት ቁጥር ጭራሹን ትርጉሙን ያጣል። ኦርኔት ኮልማን በዲሴምበር 1960 «ፍሪ ጃዝ»ን ሲቀርጽ አንዱን ኳርቴት በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አቁሞ 37 ደቂቃ ያህል አከራክሯቸዋል። ያን ክርክር ለመከታተል የሚያስፈልገው ሁለት ድምፅ ማጉያ ነው። ስቲቭ ራይክ በ1965 የሠራው «ኢትስ ጎና ሬይን» ሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ የተቀዳ የአንድ ሰባኪ ድምፅ በሁለት የቴፕ ቀለበቶች ላይ ቀስ በቀስ ሲለያይ የሚፈጠር ነው፤ የጎዳናው ጫጫታ ከውስጡ ቢጸዳ ሥራው ይፈርሳል። ዊልያም ባሲንስኪ በ2001 አሮጌ ቴፖቹን ወደ ዲጂታል ሲገለብጥ ክሮቹ እየተላጡ ድምፃቸው ሲከስም ሰማ፤ መክሰሙን ራሱን ሙዚቃ አደረገው። ቴፕ እንዴት እንደሚሞት ከዚህ ይልቅ በግልጽ ያሳየ ሥራ የለም። የአምልኮው ተከታዮች ይህንንም በውድ ሸክላ ገዝተው በጥጥ ጓንት ይይዙታል።

እንግዲህ ከፍተኛ ጥራት ከንቱ ነው፣ የተጨመቀ የስልክ ድምፅ ይበቃል የሚል መደምደሚያ ከዚህ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ነገሩን ገልብጦታል። 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ ትክክለኛ ቦታ አላቸው፤ ቦታቸውም የቴፕ ማከማቻው ነው። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ቢያንስ 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ይሁን፣ 96 ይመረጣል ሲል መመሪያ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚያረጅ ቴፕ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል። ሙጫው ረጥቦ የሚጣበቅ አለ፤ በመጠነኛ ሙቀት ለሰዓታት ደርቆ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚጫወትም አለ። በዚያች አንድ ዕድል ላይ የልኬት ትርፍ መያዝ፣ ኋላ ለማረምም ሰፊ ሜዳ መተው ብልህነት ነው። ዩኔስኮና ይኸው ማኅበር በ2019 ባስነሡት የማስጠንቀቂያ ዘመቻ እንደተገለጠው በ2025 ግድም የቴፕ ማጫወቻ መኪናዎችና መለዋወጫዎች፣ የሚጠግኗቸውም እጆች፣ በሰፊው የማይገኙበት ጊዜ እንደሚመጣ ባለሙያዎች ተንብየዋል። ገንዘቡ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ ሙዚቃም ባዕድ አይደለም። በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በዐዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን አጥር ጥሶ ማሳተም ባይጀምር ኖሮ ዛሬ ኢትዮ ጃዝ እየተባለ በዓለም የሚሸጠው ሙዚቃ አንዱ ክፍል በሸክላ ባልቀረም ነበር። ይህ ለማንኛውም የባህል ማኅበር የሚጣፍጥ ሐቅ አይደለም፤ ነገር ግን መብት መያዝና ቅርስ መጠበቅ አንድ አለመሆናቸውን ያሳያል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒውዮርክ የቀረጸው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» በ2017 እንደገና ያሳተመው የሎንዶኑ ስትራት ነው። የዘመኑን ሸክላዎች ከ1997 ጀምሮ «ኤትዮፒክ» በሚል ተከታታይ ያወጣው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ፈረንሳዊ ነው፤ አሳታሚውም የፓሪሱ ቡዳ ነው። ሥራቸው ይመሰገናል። ይሁን እንጂ የውጭ አገር አሳታሚ የሚመርጠው በገበያው የሚፈለገውን ነው። በሬዲዮ ጣቢያና በቴአትር ቤት የተቀረጸውን፣ ቫይብራፎንም ሆነ ዋዋ ፔዳል የሌለበትን የማሲንቆና የክራር ክር ማንም ከሎንዶን መጥቶ አይጠይቀውም።

አንዳንዶች የውዱ እትም ትርፍ ለጥበቃው ሥራ ይውላል ሲሉ ይከራከራሉ። በጎ ምኞት ነው። የኮልትሬን የ1963 ቴፕ ግን የተረፈው በሽያጭ ትርፍ ሳይሆን በቤተሰብ መደርደሪያ ነው፤ ዋናውን የጣለው በሽያጩ የሚተዳደረው ወገን ነው። አሳታሚው በእርግጥ ለሙዚቃው የሚቆረቆር ከሆነ በሽፋኑ ላይ ሊጽፈው የሚገባው የታወቀ ነው፦ የተገለበጠው የትኛው ቴፕ እንደሆነ፣ ዋና ይሁን ቅጂ፣ ቅጂ ከሆነም ስንተኛ፣ የት ተገኘ፣ ፍጥነቱ በምን ተረጋገጠ፣ የገለበጠው ባለሙያ ማን ነው። ከዚያ በኋላ የቢቱ ቁጥር በግርጌ በደቃቅ ፊደል ቢጻፍ የሚከፋው የለም።