«ክሬዲት» የሚለው ቃል ለነጋዴ የሚያስተምረው

በንግድ ሥራ በየዕለቱ ከሚነገሩት የባዕድ ቃላት መካከል «ክሬዲት» የሚለውን ያህል የተዘወተረ ጥቂት ነው። አስመጪው ባንክ ሄዶ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ያስከፍታል፤ ላኪው ቡናውን ወይም ሰሊጡን ከማስጫኑ በፊት ይኸው ሰነድ መድረሱን ይጠይቃል፤ ባለሱቁም በደብተሩ የሚመዘግበው ዱቤ ከዚሁ የተለየ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ቃሉን የሚጠሩት ብዙዎች ሲሆኑ፥ ትርጓሜውን የሚመረምሩት ጥቂቶች ናቸው። ብዙ ሰው ክሬዲት ማለት ገንዘብ ብቻ ይመስለዋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዝኛው «ክሬዲት» ምንጩ ላቲን ነው። ሥሩ «ክሬዴሬ» የተባለው ግስ ሲሆን፥ ማመን፥ እንዲሁም አምኖ በአደራ መስጠት ማለት ነው። ከዚህም «ክሬዲቱም» የሚል ስም ወጥቷል፤ ይኸውም ታምኖ ለሌላ ሰው የተሰጠ ነገር፥ ብድር ማለት ነው። ኢጣሊያውያን «ክሬዲቶ» አሉት፤ ፈረንሳዮች ከእነርሱ ወሰዱት፤ ወደ እንግሊዝኛም የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ከዚሁ ግስ የተገኘው «ክሬዶ»፥ ማለትም «አምናለሁ»፥ በላቲን የሚደገመው የሃይማኖት ጸሎት የሚጀምርበት ቃል ነው። እንግዲህ የባንኩና የቤተ ክርስቲያኑ ቃል ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።

የክሬዲት ባልንጀራ የሆነው «ዴቢት»ም የሚያስተምረው አለ። የመጣው «ዴቤሬ» ከሚለው የላቲን ግስ ነው፤ ይህም «ከ» የሚል ትርጓሜ ካለው «ዴ» እና መያዝ ማለት ከሆነው «ሃቤሬ» የተገጣጠመ ነው። ባጭሩ፥ የሌላውን ሰው ነገር ይዞ መገኘት ማለት ነው። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ኢጣሊያዊ መነኵሴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የከተማይቱን ነጋዴዎች የሒሳብ አያያዝ አብራርቶ ጽፏል። ዛሬም በመዝገብ ግራና ቀኝ የሚሰፍሩት ሁለቱ ቃላት የሚናገሩት ማን እንዳመነና የሌላውን ነገር ማን ይዞ እንደሚገኝ ነው።

አማርኛም ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም። «አመነ» ከሚለው ግስ እምነት፥ ታማኝና መተማመኛ ይወጣሉ። ሌተር ኦፍ ክሬዲት «የመተማመኛ ሰነድ» ተብሎ መተርጐሙም የላቲኑን ሥር በትክክል ያገኘ ነው። በአደራ የተቀበለውን ንብረት ለራሱ ያደረገ ሰው በወንጀል ሕግ የሚከሰስበት ጥፋትም ስሙ «እምነት ማጉደል» ነው።

ምናልባት፥ «የመተማመኛ ሰነድ የተፈለገው ገዢና ሻጭ ስለማይተማመኑ ነው፤ እንግዲህ ወረቀቱ እምነትን ተክቶታል» የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥም የአዲስ አበባው ገዢ የሻንጋዩን ሻጭ ስለማያውቀው ባንክ በመካከላቸው ይገባል። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ያወጣው፥ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህም በቍጥር 600 የሚታወቀው ደንብ፥ የባንኮች ሥራ በሰነድ ላይ እንጂ በዕቃ ላይ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ባንኩ የቀረበለትን ሰነድ ቢበዛ በ5 የባንክ የሥራ ቀን ውስጥ ይመረምራል፤ ጆንያ ፈትቶ ሰሊጥ አያበጥርም፤ ሣጥን ከፍቶ ዕቃ አይቈጥርም። የምርመራ ምስክር ወረቀት ቢጨመርበትም፥ ይህም ራሱ የሚታመን መርማሪ ይሻል። ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢበዛ ከመጨረሻው ላይ የሰው ታማኝነት ይጠበቃል።

እምነት ሲጐድል ጉዳቱ በአጥፊው ላይ ብቻ አይቀርም። አንድ ላኪ ደረጃው ዝቅ ያለ ምርት በመልካም ወረቀት ሸፍኖ ቢልክ፥ የተታለለው ገዢ ከዚያው አገር የሚመጣውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል፤ በንጽሕና የሚሠሩት ላኪዎችም ዋጋቸው ይቀነስባቸዋል። ሰነዱን የከፈተው ባንክ ያልታመነ እንደ ሆነም ሻጩ የሌላ ባንክ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ የዚህም ኮሚሽን በዕቃው ዋጋ ላይ ተጨምሮ በመጨረሻ ከሸማቹ ኪስ ይወጣል። በሰፈር ሱቅም እንዲሁ ነው። ጥቂቶች ዱቤያቸውን ሳይከፍሉ ሲቀሩ «ዱቤ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፤ ደመወዙን እንደ ተቀበለ ዕዳውን የሚከፍለው ደንበኛ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል።

ይህ ማለት ነጋዴ ሰውን ሁሉ ያለ ማስረጃ ይመን ማለት አይደለም። ውል ይጻፍ፤ ዋስ ይጠራ፤ ሰነድ ይመርመር። ነገር ግን ክሬዲት የተሰጠው ነጋዴ የተቀበለው የሌላ ሰው እምነት መሆኑን አይርሳ። ላኪው በወረቀቱ ያሰፈረውንና በጆንያው የሞላውን አንድ ያድርግ። የመክፈያው ቀን ተቃርቦ ያልሞላለትም ከመሰወር ይልቅ አስቀድሞ ለአበዳሪው ያስታውቅ። የጠፋ ገንዘብ ተሠርቶ ይተካል፤ የጠፋ እምነት ግን ከየትኛውም ባንክ ተበድረው የሚያመጡት ነገር አይደለም።