ግጭ መንደር ያደርሁበት ሌሊት

የድሬ ዳዋ ሰው ብርድን በወሬ እንጂ በአካሉ አያውቅም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች በታኅሣሥ እንኳ ነጠላ ይበቃናል። እኔም በወጣትነቴ ወደ ስሜን ተራሮች የሄድሁት በታኅሣሥ፥ ያችኑ ነጠላ ለብሼ ነበር። ሞኝነት ነው።

ከ3,000 ሜትር በላይ በሚገኘው በግጭ መንደር መሸብኝ። ጀንበር እንደ ጠለቀች ሣሩ በውርጭ ነጣ፤ ጣቶቼ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ተሳናቸው። አንድ ገብስ አራሽ ወደ ቤቱ አስገብቶ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠኝ። ሚስቱ ትኩስ ወተት ስትቀዳልኝ፥ «ተዪው፤ የክርስቲያኖች ጾም ነው» ብሎ ቆሎ አስቀረበልኝ። ሰውዬው ሙስሊም ነበር። እኔ ዲያቆኑ ግን፥ አልሸሽግም፥ የነቢያትን ጾም ዘንግቼ ወተቱን ልቀበል እጄን ዘርግቼ ነበር። ሌሊቱንም በርኖሱን አልብሶኝ እርሱ እሳቱን ሲቆሰቁስ አደረ።

የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግጦሽና እርሻ የዋልያን መኖሪያ ስላጠበበ የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ። ዛሬ ያን ቤት ፍለጋ ብወጣ የማገኘው ሣር ነው። በደባርቅ ጠይቄ እንዳላገኘውም፥ በማግሥቱ በርኖሱን መልሼ ስወርድ ስሙን አልጠየቅሁትም።