የጦርነት ታሪክ ፊልም ለአባትሽ ስትገዢ

 

ወደ አገር ቤት መመለሻ ሲደርስ ለእናት ነጠላውም ሽቶውም አይጠፋም። የሚያስጨንቀው «ለአባባስ ምን ልያዝላቸው?» የሚለው ነው። አባትሽ የጦርነት ታሪክ የሚወዱ ከሆኑ በዲቪዲ የተዘጋጀ የታሪክ ፊልም ሊያምርሽ ይችላል። እኔንም አምሮኝ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁና አንቺ በእኔ ተማሪ።

ያን ጊዜ የምሠራው በሪያድ፣ ሹመይሲ ሰፈር ነበር፤ ሰው ሁሉ «የሹመይሲ ሆስፒታል» ከሚለው ከንጉሥ ሳዑድ ሕክምና ከተማ ብዙም አይርቅም። አባቴ የቡልጋ ሰው ነበሩ። አያቴ አርበኛ ሆነው በረሃ ሲገቡ እሳቸው ገና ሕፃን ነበሩ። ሬዲዮ ስለ ጦርነት ካወራ ቤቱ ሁሉ ዝም ማለት አለበት። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሠሩት ሁሉ እጅግ የታወቀውን «ዘ ወርልድ አት ዎር» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ልገዛላቸው ወሰንሁ። ይህ ፊልም በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መታየት የጀመረ ሲሆን 26 ክፍሎች አሉት። ተራኪው ስመ ጥሩው ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪዬ ነው።

ፊልሙ ብዙ ጊዜ ታትሟልና እትሙ አንድ ብቻ አይደለም። እኔ የመረጥሁት «ታድሶ የቀረበ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ውዱን ነበር። የአሠሪዬ ልጅ አዘዘልኝ፤ የሁለት ወር ቁጠባዬ አለቀ። ሣጥኑ አገር ቤት ሲደርስ አባቴ ስልክ አስደውለው «ልጄ፣ ሣጥኑስ ያምራል፤ ግን አይናገርም» አሉኝ። የገዛሁት ለካ ብሉ ሬይ ነው፤ የእሳቸው ዴክ ደግሞ ተራ ዲቪዲ ነው። የብሉ ሬይ ዴክ ዲቪዲ ያጫውታል፤ የዲቪዲ ዴክ ግን ብሉ ሬይ አያነብም።

እንግዲህ እኅቴ፣ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት አገር ቤት ደውዪና የዴኩን ፎቶ አስልኪ። ዛሬ በብዙ ቤት ዴክ ጭራሹን ቀርቷል። ዴክ ከሌለ ሣጥን መግዛት ትርፉ አቧራ ማጠራቀም ነው።

ዴኩ ካለ ደግሞ የሣጥኑን ጀርባ ገልብጠሽ እዪ። በዲቪዲ ሣጥን ላይ ትንሽ የዓለም ሉል ምስል አለ፤ በውስጧም ቁጥር ተጽፏል። 1 ቁጥር ለአሜሪካና ለካናዳ፣ 2 ቁጥር ለአውሮፓና ሳዑዲን ጨምሮ ለመካከለኛው ምሥራቅ፣ 5 ቁጥር ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለአብዛኛው አፍሪካ ነው። ሪያድ የተገዛ ባለ 2 ቁጥር ዲቪዲ 5 ቁጥር ብቻ የሚያነብ ዴክ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። 0 ወይም «ኦል» የሚል ከሆነ፣ ወይም ዴኩ ሁሉንም የሚያነብ ከሆነ አትሥጊ። ብሉ ሬይ ከሆነ በፊደል ነው፤ ሳዑዲም ኢትዮጵያም «ቢ» ላይ ናቸው።

«ታድሷል» የሚለው ቃልም አያታልሽ። የዚህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2010 የታደሰው እትም ምስሉ ጠርቷል፤ ድምፁም ተስተካክሏል። ነገር ግን ለዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን እንዲስማማ ምስሉ ከላይና ከታች ተቆርጧል። የድሮው ምስል ወርዱ 4 ቢሆን ቁመቱ 3 ነበር፤ ሰፊውን መስተዋት እንዲሞላ ሲደረግ ከቁመቱ ከመቶ 25 እጁ ይቀራል። ይህ ልብ ወለድ ፊልም ቢሆን ባልከፋ፤ ግን በዚያን ዘመን በጦር ሜዳ የተነሣ ምስል ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ቃሉ አይቆረጥም። ስለዚህ እንዳለ ማየት የምትፈልጊ ከሆነ ሣጥኑ ላይ «4:3» የሚል ፈልጊ። ከገበያ ግልባጭ የምትገዢ ከሆነም ባለ ሱቁ የመጨረሻውን ዲስክ እንዲከፍትልሽ ጠይቂ፤ የመጀመሪያውማ ሁልጊዜ ይሠራል።

እኔ በሁለተኛው ዙር ተራውን ዲቪዲ ላክሁ። ዴኩም አነበበው። ትረካው በእንግሊዝኛ ስለሆነ መምህር የሆነው ወንድሜ ማታ ማታ እያስተረጎመ ያሳያቸው ጀመር። አባቴ የጀርመኑን አዩ፤ የሩሲያውን አዩ፤ የጃፓኑን አዩ። ከሳምንታት በኋላ በስልክ «ደግ ነው ልጄ፤ የእኛው መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ከ26ቱ ክፍሎች ለኢትዮጵያ የተሰጠ አንድም የለም። እነሱ ጦርነቱን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ነው፤ ጣሊያን እኛን የወረረው ግን ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1928 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ከእትሙ በፊት የክፍሎቹን ዝርዝር አስነብቢ፤ አባትሽ የሚጠብቁት ታሪክ አለበት ወይ? ስለ ጣሊያን ወረራ ከሆነ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳየው ባለ ሁለት ክፍል «ፋሺስት ሌጋሲ» አለ፤ ስለ መርዝ ጋዙና በአዲስ አበባ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ስለ ጀመረው ጭፍጨፋ ይናገራል። የጣሊያን ቴሌቪዥን መብቱን ገዝቶ ሳያሳየው ማስቀመጡ የታወቀ ነው። ስለ ዓድዋ ከሆነ ደግሞ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ዓድዋ» እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ነው፤ አባቶች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይተርኩበታል። ርዝመቱም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ለሽማግሌ ዓይን አይከብድም።

እኔ ግን ለአባቴ ጥያቄ የሚሆን ሣጥን ያን ጊዜ አላገኘሁም። ወንድሜን «ፊልሙን አቁመውና ስልክህን ከፊታቸው አስቀምጥ፤ የእኛውን እሳቸው ይንገሩን» አልሁት። ሦስት ማታ ተናገሩ። እናታቸው በጨለማ ስንቅ ይዘው ወደ በረሃ ሲወጡ እሳቸውን በጀርባቸው አዝለው እንደ ነበር የሰማሁት በዚያ ቅጂ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም። አባቴ አሁን ዐርፈዋል። ሣጥኖቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው፤ ቤተሰቡ የሚያዳምጠው ግን ያንን ድምፅ ነው።

እንግዲህ እኅቴ፣ ሣጥኑን አጣርተሽ ግዢ። አባትሽ ወይም አያትሽ በሕይወት ካሉ ግን ሣጥኑ እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ዛሬ ደውዪና አንድ ሰው ስልኩን ከፊታቸው ያስቀምጥ።