«ማን ያውቅብሃል?»

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አንድ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣ። ቡናው እስኪፈላ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ሲያማትር ቆየና፣ ከዋንዛ እንጨትና ከፕላስቲክ የሠራሁትን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አወረደው። (በነገራችን ላይ፣ የሰው ሞዴል በክንፉ አይነሣም።)

«የልጅ ልጅህ መጫወቻ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ከየት ገዛኸው?»

«አልገዛሁትም፤ ሠራሁት።»

«ስንት ያወጣል ታዲያ?»

«አይሸጥም።»

ወዳጄ አውሮፕላኑን ወደ ቦታው መለሰና፣ በሽተኛ እንደሚያጽናና ሰው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። «በዚህ የኑሮ ውድነት፣ ሀገር ስንት ጣጣ እያለባት፣ አንተ በዚህ ዕድሜህ አውሮፕላን ትጫወታለህ?» አለኝ።

እንግዲህ ይህ ወዳጄ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ኳስ በቴሌቪዥን ሲመለከት የሚያጠፋውን ጊዜ ብንደምረው፣ እኔ ሰባት ወር የለፋሁበትን ሥራ በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት ጊዜ ሠርቶ በጨረሰ ነበር። ኳስ ማየቱን አልነቅፍበትም፤ እኔም አያለሁ። የሚገርመኝ፣ ስለ ማንቼስተር ተከላካዮች የጉልበት ሕመም እንቅልፍ የሚያጣ ሰው የሀገር ችግር ትዝ የሚለው የኔን ምላጭና ሞረድ ሲያይ ብቻ መሆኑ ነው።

ነገሩ የወዳጄ ብቻ ቢሆን ብዕር ባላነሣሁ። ግን በእጁ የሚሠራን ሰው መናቅ በእኛ ዘንድ የቆየ በሽታ ነው። ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ቆዳ አልፊውን «ፋቂ» እያልን፣ በማረሻው አርሰን በቆዳው ተኝተን ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ወደው አልነበረም። ዛሬ ስድቡ ለዝቦ «ልጅ ነህ እንዴ?» ሆኗል፤ ንቀቱ ግን ያው ነው። በገንዘብ የማይመነዘር የእጅ ሥራ ሁሉ መጫወቻ፣ ሠሪውም ሥራ ፈት ተብሎ ይታለፋል።

«የልጅ ጨዋታ» ለሚሉኝ ሰዎች እስቲ አንድ ነገር ላጫውታቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ ጦርነት ውስጥ በገባች ማግሥት፣ የባሕር ኃይሏ በየትምህርት ቤቱ የሚገኙ ተማሪዎች 500,000 የአውሮፕላን ሞዴሎች ከእንጨት ጠርበው እንዲያስረክቡ ጠየቀ። ሞዴሎቹ የራሷን፣ የወዳጆቿንና የጠላቶቿን አውሮፕላኖች የሚመስሉ፣ ጥቁር የተቀቡ፣ መጠናቸውም 1 ለ72 የሆነ ነበሩ። መጠኑ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። አንድን የ1 ለ72 ሞዴል በ10 ሜትር ርቀት ላይ ብታንጠለጥሉት፣ ለዓይን የሚታየው እውነተኛው አውሮፕላን በ720 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ የሚታየውን ያህል ነው። ተኳሹ ወታደር በዚያ እየተለማመደ የወገንን ከጠላት ይለይ ነበር። የክንፉን ጫፍ በግምት ያሾለ ተማሪ፣ ተኳሹ የገዛ ወገኑን እንዲመታ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህም እያንዳንዱ ሞዴል በወረቀት ልኬት እየተፈተሸ ነበር የሚቀበሉት። የልጅ ጨዋታ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ወደ መደርደሪያዬ ልመለስ። ወዳጄ በክንፉ ያንጠለጠለው የፖቴዝ 25 አምሳያ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ከጅቡቲ ይዞት አዲስ አበባ የገባው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የመጀመሪያ አውሮፕላን መሆኑ ነው። እውነተኛው ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 14 ሜትር ከ14 ሳንቲም ነበር፤ የኔው 19 ሳንቲም ከ6 ሚሊሜትር ነው። ከአንድ አዲስ እርሳስ እምብዛም አይበልጥም።

በካርቶን ተከፋፍሎ የሚመጣውን፣ ቁጥሩን እየተከተሉ የሚያጣብቁትን ሞዴል አልንቅም። እኔም በእሱ ነው የጀመርሁት። ነገር ግን የካርቶኑ ሞዴል ሌላው ሰው ጠይቆ የመለሰውን ጥያቄ ነው የሚያቀርብልህ። ፈረንጆቹ «ስክራችቢልድ» የሚሉት፣ ከባዶ ተነሥቶ መሥራት ግን ጥያቄውን ሁሉ ላንተ ይተወዋል። የታችኛው ክንፍ ከላይኛው በምን ያህል ያጥራል? ሁለቱን የያዙት ምሰሶዎች ወደየት ያዘነብላሉ? ጎማው መሬት ሲነካ አፍንጫው ምን ያህል ቀና ይላል? ሠላሳ ዓመት በድራፍቲንግ ጠረጴዛ ላይ ጎብጬ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ነገርን አየሁ ማለትና ነገርን ለካሁ ማለት የተለያዩ መሆናቸውን እንደዚህች አውሮፕላን ያስተማረኝ የለም።

ዕቃውን የምሰበስበው ምናለሽ ተራ ነው። አካሉን ከዋንዛ እጠርባለሁ። ክብ ክብ የሆነውን ክፍል ደግሞ ስስ የፕላስቲክ ሉህ በምድጃ ላይ እስኪልም አሙቄ በእንጨት ቅርጹ ላይ እጫነዋለሁ። በፕላስቲክ ሉህ መሥራትን እ.ኤ.አ. በ1975 በመጽሐፍ ያስተማረው እንግሊዛዊው ሃሪ ውድማን ነው፤ ከእሱ መጽሐፍ በኋላ ብዙ ሰው ሳጥን መጠበቁን ተወ። ለአብራሪው የንፋስ መከላከያ መስተዋት ያረጀ የራጅ ፊልም በበረኪና አጥቤ እቆርጣለሁ፤ ጥቁሩ ሁሉ ተገፎ ጥርት ያለ ብርጭቆ ይመስላል። ክንፎቹን የሚወጥረው ሽቦ አበሳዬን ያሳየኛል። 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ በ1 ለ72 ሲሰላ 0.07 ሚሊሜትር ይሆናል፤ አንድ የራስ ጠጉር ማለት ነው። ከተቃጠለ ሞተር ጥቅል ውስጥ የሚወጣ ቀጭን የመዳብ ክር ለዚህ ይሆናል። ክፍተቱን በጋራዥ ስቱኮ እደፍናለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፣ እንደገና እደፍናለሁ። ባለቤቴ በዚህ ሰሞን ወጥ ቤት ድረስ ዱቄት ይገባል ብላ ትነጫነጫለች፤ እውነቷን ነው።

እዚህ ላይ ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር ያለኝን ጠብ ካላነሣሁ አይሆንልኝም። የብረት አካል ባላቸው አውሮፕላኖች ላይ ሁለት ቆርቆሮ የሚጋጠምበት ስንጥቅ 2 ሚሊሜትር ነው ብንል፣ በ1 ለ72 ከ0.03 ሚሊሜትር በታች ነው፤ በዓይን አይታይም። ዛሬ ግን የተዋጣለት የሚባለው ሠሪ ሁሉ በዚያ ቦታ ቦይ ይቆፍርና በጥቁር ቀለም ይሞላዋል። አውሮፕላኑ በኖራ የተመረገ የድንጋይ ግድግዳ ይመስላል። ለምን? ፎቶግራፍ ሲነሣ ያምራላ!

ትልቁ ጠብ ግን የቀለሙ ነው። ፖቴዙን የምናውቀው በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩት ፊልሞች አንደኛው ዓይነት ቀይ ቀለም ጨርሶ የማይሰማው ነበር፤ ስለዚህ ቀዩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊው ይነጣል፣ ቢጫውም ከተፈጥሮው ይጠቁራል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ቀለሞቹን ሁሉ ለዓይን በቀረበ መልኩ ያነባል። እንግዲህ ከፊታችሁ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አለ እንበል፤ በአውሮፕላኑ ጅራት ላይ ሦስት ሰንበር ይታያል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መሆናቸውን ማንም ይገምታል። ግን ከፊት ያለው ጥቁር የሚመስለው የትኛው ነው? ቀዩ ነው ወይስ አረንጓዴው? ፊልሙ የትኛው ዓይነት እንደነበር ካላወቃችሁ መልስ የላችሁም።

ይህን ለአንድ የሞዴል ወዳጅ ሳማክረው፣ ከኔ የሚሻል እጅ ያለው ሰው ነው፣ «ደስ ያለህን ቀባው! ማን ያውቅብሃል?» አለኝ።

ከወዳጆቼ ሁሉ ንግግር ይህችኛዋ አሳመመችኝ። የመጀመሪያው ሥራዬን ናቀ፤ ሁለተኛው ግን ሥራውን ራሱን ካደ። ለምን እንዲህ እንደምል ያየሁትን ልናገር። በአንድ መሥሪያ ቤት የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ውስጥ፣ በመስተዋት ሣጥን አንድ የሚያብረቀርቅ ሞዴል ተቀምጦ አየሁ። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው አውሮፕላናችን ይላል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ካይሮ የደረሰው አውሮፕላን ሲ 47 ነው፤ ሁለት ሞተር ነው ያለው። በሣጥኑ ውስጥ ያለው አራት ሞተር ነበረው። ሞተር መቁጠር ምን ያህል ከባድ ነው? ለተቀባዩዋ ነገርኋት። «ጋሼ፣ ለጌጥ እኮ ነው» አለችኝ በትሕትና። በዚያው ቅጽበት የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የለበሰ አንድ ልጅ በሣጥኑ ፊት ተንበርክኮ አውሮፕላኑን በደብተሩ ላይ ይሥል ነበር። አራቱንም ሞተሮች አሳምሮ ሥሏቸዋል።

ማን ያውቅብሃል? ያ ልጅ አያውቅብህም። ነገ መምህር ይሆንና አራት ሞተር ብሎ ያስተምራል፤ ከነገ ወዲያ አንዱ ጸሐፊ ከሱ ይሰማና መጽሐፍ ላይ ያሰፍረዋል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ጠቅሶ ሌላው ሞዴል ይሠራል። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ጥርጣሬ ለማንም ይታያል፤ በሞዴሉ ላይ የተቀባው ቀለም ግን ጥርጣሬ የለውም፤ እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚያብረቀርቀው። ስለዚህ ነው የፖቴዜ ጅራት እስከ ዛሬ ግራጫ ቀለም ብቻ ተቀብቶ የቆመው። እንግዳ ሁሉ «አልጨረስኸውም እንዴ?» ይለኛል። የማውቀውን ጨርሻለሁ።

ያላወቅሁትን ለማወቅ ግን መለካት አለብኝ፤ መለካት ደግሞ በሀገራችን የሚያስጠረጥር ተግባር ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ግቢ በር ላይ ለጌጥ የቆመ፣ ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ አውሮፕላን አግኝቼ፣ ሜትሬን ዘርግቼ ጎማውን ስለካ ዘበኛው ደረሰብኝ።

«አባት፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየለካሁ ነው፣ ልጄ።»

«ሊገዙት ነው?»

«የለም፤ ትንሹን ልሠራ ነው።»

ሜትሬን ተቀብሎኝ ወደ አለቃው ሄደ። አለቃው ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ከየት መሥሪያ ቤት ነው የማመጣው? ከባለቤቴ? ሜትሩም በዚያው ቀረ። ወፍ እንኳን የማይበርበትን ብረት፣ ሕፃናት ጅራቱ ላይ ተንጠላጥለው የሚጫወቱበትን፣ ምሥጢር ነው ብሎ የሚጠብቅ አእምሮ ምን ይባላል?

አሁን የሚያሳስበኝ የፀሐይ ጉዳይ ነው። ፀሐይ በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራች አውሮፕላን ናት፤ ስሟም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ነው። ሞተሯ ከውጭ የመጣ ቢሆንም አካሏ እዚህ ተገጣጥሞ እዚህ በርሯል። ብታዩት እሷም ከባዶ የተሠራች ናት፤ ከኔዋ የምትለየው በመጠኗና ሰው ይዛ በመነሣቷ ነው። ጣሊያኖች ወስደዋት፣ ሮም አጠገብ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይላቸው ሙዚየም ስትታይ ኖራ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ያን ቀን በቴሌቪዥን ሳያት እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

ግን መመለስ ማለት ምን ማለት ነው? ከገመድ ኋላ አቁሞ ለእንግዶች ማሳየት ብቻ ከሆነ ጣሊያኖችም ያንን ያደርጉ ነበር። የምጠይቀው ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው። ሁለት ነዳፊዎችና አንድ ሜትር ይመደቡ። ፀሐይ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ትለካ፤ የክንፏ ውፍረት በየቦታው ተቆርጦ እንደሚታይ ሆኖ ይነደፍ፤ ቀለሟ በደመና ሳይሆን በቀን ብርሃን ይነበብ፣ የቱ የጥንቱ፣ የቱ በኋላ የተቀባ መሆኑ ተለይቶ ይጻፍ። ከዚያም ንድፉ ታትሞ ከአንድ ደብተር ባልበለጠ ዋጋ ይሸጥ። የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪ ይግዛው፤ ያ አራት ሞተር የሣለው ልጅም ይግዛው። እንጨት ሞልቷል፤ ምላጭም አለ። አንዱ ልጅ ክንፏን አጣምሞ ይጠርበዋል፣ አንዱ ጅራቷን ይሰብራል፤ ምንም አይደለም፣ እኔም አሥር ሰብሬያለሁ። ግን ሲያጣምመው ከንድፉ ጋር አስተያይቶ መጣመሙን ያውቃል። የሻንጣ ማሟያ ሆኖ ከውጭ የሚመጣውን የሚያብረቀርቅ ሞዴል በምን ያስተያየዋል?

ለነዳፊነቱ ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ። ጡረተኛ ነኝ፤ ክፍያ አልሻም፤ አዲስ ሜትርም ገዝቻለሁ። ደብዳቤውን ብቻ የሚጽፍልኝ አጣሁ።

እስከዚያው አንድ ነገር አንባብያንን ልለምን። በቤተሰብ አልበም ውስጥ፣ ከ1921 እስከ 1928 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የተነሣ፣ አውሮፕላን የሚታይበት ፎቶግራፍ ያላችሁ ብትኖሩ፣ አያታችሁ ከፊቱ ቆመው ጅራቱን ቢጋርዱትም እንኳ፣ ለመጽሔቱ አዘጋጆች አሳዩልኝ። በጀርባው የተጻፈ ነገር ካለ አትፋቁት። ፎቶግራፉን እዚያው አይቼ እዚያው እመልሳለሁ።