ካርዱን ያስወደደው ድምፅ ለምን ረከሰ?

ስለ «ፈጠራ ኢኮኖሚ» በሚዘጋጁ ጉባኤዎች ላይ የጃፓን ስም ሳይነሣ የሚጠናቀቅ ውይይት ጥቂት ነው። አኒሜዋ፣ ማንጋዋና የቪዲዮ ጨዋታዋ የማዕድን ሀብት የሌላት አገር ከምናብ ሀብት ማፍራት እንደምትችል ማስረጃ ሆነው ይቀርባሉ፤ ቀጥሎም «እኛስ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህ አድናቆት ጋር ነው። አድናቆቱ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሒሳቡን እኩሌታው ላይ ያቆመዋል ማለቴ ነው። የተመረተውን ይቈጥራል፤ ለማን እንደ ደረሰ ግን አይጠይቅም።

ክርክሬን የምመሠርተው ብዙዎቻችን ከቁም ነገር በማንቈጥረው አንድ ትርኢት ላይ ነው፤ የአኒሜ ድምፅ ተዋንያን በብዙ ሺሕ ተመልካች ፊት ቆመው፣ በሚወክሏቸው ገጸ ባሕርያት ድምፅ እየተናገሩ የካርድ ጨዋታ ግጥሚያ በሚያሳዩበት ትርኢት። (ካልተጠቀሰ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የመድረኩ ነገር

«ዩ-ጊ-ኦ!» በ1996 በካዙኪ ታካሃሺ ብዕርና ሥዕል በሳምንታዊ የማንጋ መጽሔት መታተም የጀመረ ታሪክ ነው። በ1999 ኮናሚ የተባለው ኩባንያ በታሪኩ ውስጥ ያለውን የካርድ ፍልሚያ እውነተኛ ሸቀጥ አድርጎ ለገበያ አቀረበው፤ በ2000 ደግሞ ታሪኩ በአዲስ ተከታታይ የቴሌቪዥን አኒሜ ቀረበ። ሹንሱኬ ካዛማ የዋናው ገጸ ባሕርይ የዩጊ፣ ኬንጂሮ ትሱዳ የተቀናቃኙ የካይባ ድምፅ ሆኑ። በፌብሩዋሪ 2024 የካርድ ጨዋታው 25ኛ ዓመት በቶኪዮ ዶም ስታዲየም ሲከበር እነዚሁ ሁለት ሰዎች በመድረክ ላይ ተፋጠጡ። ካርድ ይመዛሉ፣ የካርዱን ስም በገጸ ባሕርያቸው ድምፅ ይጠራሉ፣ ይዛዛታሉ፤ በልጅነቱ በቴሌቪዥን የሰማቸው ተመልካችም ያንኑ ድምፅ በፊቱ ከቆመ ሰው አፍ ይሰማል።

በዚያው ስታዲየም በኦገስት 1999 የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። ያን ጊዜ ውስን ቁጥር ያላቸው ካርዶች ይሸጣሉ ተብሎ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ልጆችና ወላጆች ተጨናነቁ፤ ሽያጩ በመሀል ተቋረጠ፤ ግርግርም ተነሣ። በዚያን ጊዜ ሰዉን የጠራው የወረቀቱ ብርቅነት ነበር። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ግን ከወረቀቱ ጎን ሰዎቹም መስሕብ ሆነዋል። ይህ ለውጥ ለኢኮኖሚስት ቀላል ነገር አይደለም።

«ውሸት ፍልሚያ ነው» ለሚሉ

በመጀመሪያ ከናቂዎቹ ጋር እንተያይ። አካሄዱ አስቀድሞ የተሰናዳ ግጥሚያ ውድድር ሊባል አይችልም፤ ስለዚህ ትልልቅ ሰዎች በልጅ መጫወቻ የሚያደርጉት ማታለል ነው ይላሉ። ይህ ትችት የተመልካቹን ዕውቀት አሳንሶ ይገምታል። ቲያትር ቤት የገባ ሰው ንጉሡ በመጨረሻው ገቢር እንደሚሞት ቢያውቅም ትኬቱን አይመልስም። የገዛው አሟሟቱን ማየትን እንጂ ማን እንደሚሞት ማወቅን አይደለምና። በእርግጥም ከካርድ አምራቾቹ አንዱ፣ በ2007 ታካአኪ ኪዳኒ የመሠረተው ቡሺሮድ፣ በ2012 የአገሪቱን ታላቅ የነጻ ትግል ትርኢት ድርጅት፣ ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግን፣ የራሱ አድርጓል። ካርድ የሚሸጥ ኩባንያ የተሰናዳ ፍልሚያን ዋጋ አሳምሮ ያውቀዋል።

ስለዚህ ትርኢቱ ማታለል አይደለም፤ የታወቀ ሙያ ነው። ሙያ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄ የሙያው ዋጋ ስንት ነው፣ ለማንስ ይከፈላል የሚለው ይሆናል።

ዋጋው ከየት መጣ?

የካርድ ጨዋታ በጃፓን ትንሽ ገበያ አይደለም። የአገሪቱ የአሻንጉሊት ማኅበር በ2023 የበጀት ዓመት የካርድ ጨዋታ ገበያውን ወደ 277 ቢሊዮን የን፣ አጠቃላይ የአሻንጉሊት ገበያውን ደግሞ ከአንድ ትሪሊዮን የን ትንሽ ከፍ ያለ አድርጎ ገምቶታል። ከአራት የን አንዱ ያህል ወደ ካርድ ሄዷል ማለት ነው። ካርዱ ራሱ የታተመ ወፍራም ወረቀት ነው፤ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ለማተም የሚወጣው ወጪ ከቁጥር አይገባም። የሸቀጡ ዋጋ ከወረቀቱና ከቀለሙ ካልመጣ፣ የመጣው ከጨዋታው ሕግ ብልሃት፣ ከታሪኩ፣ ከሥዕሉና ገጸ ባሕርዩን ሕያው ካደረገው ድምፅ ነው።

«የድምፁን ድርሻ ለይቶ መለካት አይቻልም» የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ቢያንስ በከፊል ይቻላል፤ መለኪያውን ደግሞ ራሱ ገበያው አዘጋጅቶልናል። ከ2008 ጀምሮ ቡሺሮድ በሚያወጣው «ቫይስ ሽቫርትስ» በተባለው ጨዋታ ውስጥ፣ የገጸ ባሕርዩ ድምፅ የሆነው ተዋናይ ፊርማ በሚያብረቀርቅ ወርቃማ ቀለም የታተመባቸው ካርዶች አሉ። ያው ገጸ ባሕርይና ያው የጨዋታ ኃይል ያለው ካርድ ያለ ፊርማም ይገኛል። በሁለተኛ እጅ ገበያ ባለ ፊርማው ፊርማ ከሌለው ብዙ እጥፍ ይሸጣል። የብርቅነቱን ውጤት ብንቀንስለት እንኳ፣ ከቀረው ልዩነት ውስጥ የሰውዬው ወይም የሴትዮዋ ስም ዋጋ አለ። ካርዱ እጅ በቀየረ ቁጥር ከዚህ ልዩነት ለባለ ፊርማው የሚደርስ የሕግ ድርሻ ግን የለም።

ሕጉ የሰጠውና የነሣው

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ። የጃፓን ተዋንያን ኅብረት በዘረጋው የደረጃ ሥርዓት፣ ጀማሪ የድምፅ ተዋናይ ለአንድ የ30 ደቂቃ የአኒሜ ክፍል የሚያገኘው መነሻ ክፍያ 15,000 የን ነው፤ ከፍተኛው ደረጃ 45,000 የን ይደርሳል። የሚናገረው ዓረፍተ ነገር አንድ ይሁን መቶ፣ ክፍያው አይለወጥም። ተዋንያኑ በ1973 ሥራ አቁመውና ሰልፍ ወጥተው ካስገኙት የክፍያ ጭማሪ በኋላ፣ ሥራው በድጋሚ ጥቅም ላይ ሲውል የሚከፈል ገንዘብ ቀስ በቀስ ተለምዷል። የዚያም መነሻ ያው የደረጃ ክፍያ ነው፤ ካርዱ ስንት እንደተሸጠ አይጠይቅም።

ከዚህ በስተጀርባ የሕግ ምክንያት አለ። በጃፓን የቅጂ መብት ሕግ መሠረት አንድ ከዋኝ ክዋኔው በፊልም ሥራ ውስጥ እንዲቀረጽ አንድ ጊዜ ከፈቀደ፣ ያን ቅጂ በማባዛት ላይ የነበረው መብት ከዚያ በኋላ አይሠራም። አኒሜም በሕጉ እንደ ፊልም ይቈጠራል። ባለሙያዎቹ «የአንድ ዕድል መርህ» ይሉታል። ተዋናዩ የሚደራደረው አንድ ጊዜ፣ ያውም ሥራው ይሳካ አይሳካ ባልታወቀበት፣ አቅሙ እጅግ ባነሰበት ሰዓት ነው።

የመድረኩ ግጥሚያ ልዩ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በስቱዲዮ የተቀዳ ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ ይሄዳል፤ በመድረክ ላይ ግን ድምፁን ያለ ሰውየው ማምጣት አይቻልም። አዝማሪ ከክራሩ ወይም ከመሰንቆው ጋር ራሱ ካልመጣ ግጥሙ እንደማይደርስ፣ ካይባም ያለ ትሱዳ ቶኪዮ ዶም ላይ አይቆምም። በመሆኑም እያንዳንዱ ትርኢት አዲስ ድርድር ነው። ሕጉ በስቱዲዮ የነሣውን የመደራደር አቅም መድረኩ ለአንድ ምሽት ይመልሳል።

ለማን ይመልሳል ቢባል ግን፣ ለጥቂቶች። ሸርዊን ሮዘን በ1981 ስለ ከዋክብት ኢኮኖሚ በጻፈው ጥናት እንዳሳየው፣ ቴክኖሎጂ የአንድን ሰው ሥራ ለብዙኃን በአነስተኛ ወጪ ሲያደርስ በችሎታ ጥቂት የሚበልጠው በገቢ እጅግ ይርቃል። ቶኪዮ ዶም የሚጠራው ሃያ ዓመት የታወቀውን ድምፅ ነው፤ በ15,000 የን ሦስት ቃል ተናግራ የወጣችውን ጀማሪ አይደለም። «መድረኩ ይክሳቸዋል» የሚለው ክርክር የሚፈርሰው በዚህ ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ

በሙያ ባልደረቦቼ ዘንድ የሚሰማው ጠንካራው መከራከሪያ ሌላ ነው። አብዛኞቹ አኒሜዎችና የካርድ ጨዋታዎች ይከስራሉ፤ ኪሳራውን የሚሸከመው ባለ ገንዘቡ ነው፤ ቁርጥ ክፍያ ለተዋናዩ እንደ መድን ነው ይላሉ። ይህ በመጀመሪያው ቀን እውነት ነው። ነገር ግን መድን አደጋው ካለፈ በኋላ የሚቀጥልበት ምክንያት የለም። ሽያጭ ከተወሰነ ጣሪያ ሲያልፍ ብቻ የሚከፈል ድርሻ በከሰረው ሥራ ላይ አንድ የን ወጪ አይጨምርም። ስለዚህ አደጋን የሚሸከም ባለሀብትን አያስፈራውም፤ የሚነካው ያልተጠበቀ ትርፍ የሚያገኘውን ነው። እሱም ቢሆን የሚያጣው ትርፉን ሳይሆን የትርፉን ጥቂት ክፍል ነው።

መንግሥትስ ምን አደረገ? በ2013 የተቋቋመው የ«ኩል ጃፓን» ፈንድ የአገሪቱን ባህል ለዓለም ለመሸጥ ታስቦ፣ ከሌሎች መካከል በኩዋላ ሉምፑር የገበያ አዳራሽ ላይ ገንዘቡን አፍስሶ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዚያ ወጣ፣ የፈንዱ የተጠራቀመ ኪሳራም ከ30 ቢሊዮን የን በላይ ደረሰ። በሌላ በኩል ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲስ የታክስ ደረሰኝ ሥርዓት፣ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ10 ሚሊዮን የን በታች በመሆኑ ከፍጆታ ታክስ ነጻ የነበሩ በግላቸው የሚሠሩ ሰዎችን በሁለት ምርጫ መካከል ጣላቸው፤ ወይ ተመዝግቦ ታክሱን መክፈል፣ ወይ በደንበኛ ዘንድ ውድ ሆኖ ሥራ ማጣት። ሥርዓቱን የተቃወሙ የድምፅ ተዋንያን በሰበሰቡት መጠይቅ ከመለሱት አሥር ሰዎች ከሰባት በላይ የሚሆኑት ዓመታዊ ገቢያቸው ከ3 ሚሊዮን የን አይበልጥም። መላሾቹ በፈቃዳቸው የተሰባሰቡ ስለሆኑ አኃዙን እንደ አገራዊ ቈጠራ አልወስደውም፤ አቅጣጫውን ግን ይጠቁማል። ለገበያ አዳራሽ ድጎማ፣ ለድምፁ ባለቤት ታክስ! በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ያለውን አርአያ በጥሬው ለሚቀዳ ነው።

ለእኛ የሚቀረው

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የተነሣውን ሙግት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የአገር ውስጥ የፊልም ባለሙያዎች ተቃወሙ፤ ተመልካቹም በቤቱ መልስ ሰጠ። ክርክሩ በአብዛኛው «የባዕድ ባህል ወይስ የራስ» በሚለው ላይ አተኰረ። ከቱርካዊቷ ተዋናይት ፊት ጀርባ በአማርኛ የምታለቅሰው ልጅ ውል ምን ይላል የሚለው ጥያቄ ከዳር ቀረ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአገራችን አቈጣጠር ከሃያ ዓመት በፊት፣ ለከዋኞች መብት ዕውቅና ሰጥቷል። ዕውቅና ግን በራሱ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም፤ ውልና ተደራዳሪ ማኅበር ይፈልጋል።

ጊዜውም ይቸኩላል። በኦክቶበር 2024 ሃያ ስድስት የታወቁ የጃፓን ድምፅ ተዋንያን ድምፃቸው ያለ ፈቃዳቸው በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዳይመሰል በአደባባይ ዘመቱ። እነርሱ የሚዘምቱበት ስም አላቸው። አማርኛ የሚናገር ማሽን ለመሥራት በማይክሮፎን ፊት ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ወጣት ግን ስም የለውም፤ ዕድሉም አንድ ነው። እኛ በዋሽንግተን፣ በለንደንም ሆነ በዱባይ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ የምናፈላልግ፣ የምናማክር ወይም ውል የምናረቅቅ ሰዎች ይህን ማወቅ አለብን።

ከጃፓን የሚቀዳ ነገር ካለ ሁለት ነው። አንደኛው ተዋንያኑ የተደራጁበት መንገድ ነው። ኅብረታቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር በመሆኑ፣ ተቀጣሪ ያልሆኑ ሰዎች የጋራ ዋጋ ሲያወጡ የሚመጣውን የፀረ ውድድር ክስ ሳይፈሩ ይደራደራሉ። ሁለተኛው ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ የጸናው፣ በግል ለሚሠሩ ሰዎች የሥራው ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጥና ክፍያው በ60 ቀን ውስጥ እንዲፈጸም የሚያስገድደው ሕግ ነው። የማይቀዳው ደግሞ «የአንድ ዕድል መርህ» ነው። በምትኩ ሦስት አንቀጾች በእያንዳንዱ የድምፅ ሥራ ውል ውስጥ ይግቡ፤ ሽያጭ ከታወቀ ጣሪያ ሲያልፍ የሚከፈል ድርሻ፣ ድምፁ ለሌላ ሸቀጥ ወይም ለማሽን ማሠልጠኛ ሲፈለግ የሚጠየቅ አዲስ ፈቃድ፣ እና ሒሳቡን የመመርመር መብት።

በሚቀጥለው የፈጠራ ኢኮኖሚ ጉባኤ ላይ አንድ ተናጋሪ የጃፓንን ወጪ ንግድ አኃዝ በስላይድ ሲያሳያችሁ፣ እጃችሁን አውጥታችሁ የተዋናዩ ውል የትኛው ስላይድ ላይ እንዳለ ጠይቁልኝ።