«ዘንድሮ የኛ ነው» በምን ማስረጃ?

የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር ከወገቡ ሲያልፍ በአዲስ አበባ ቡና ቤቶች የሚነሳው ክርክር ሁሌም ያው ነው፤ ዋንጫው የማን ነው? የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ የ2003 ዓ.ም.ን ድል ያነሳል፤ ለዓመታት ሌላ የሚጠቅሰው አልነበረውምና አይፈረድበትም። የቅዱስ ጊዮርጊሱ ደግሞ ዋንጫ መቁጠር ሲጀምር ማኪያቶው ይቀዘቅዛል።

ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና ከክርክሩ ይልቅ የሚቀርበው ማስረጃ ያሳስበኛል። «በሜዳችን ማን ይችለናል?» ይላል አንዱ። የትኛው ሜዳ? በ2013 ዓ.ም. ጨዋታዎቹ በሱፐር ስፖርት መተላለፍ ሲጀምሩ ክለቦቹ በአንድ ከተማ እየተሰባሰቡ መጫወት ያዙ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ አስተናገዱ። ፋሲል ከነማም ሻምፒዮን የሆነው ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ነው። ደጋፊው ግን ዛሬም የሚያሰላው በድሮው ካምቦሎጆ ነው።

ነጥብ ቆጣሪውም ቢሆን ይሳሳታል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ እኩል ነጥብ ይዘው ጨርሰው፣ ዋንጫው በጎል ልዩነት ወደ ጅማ ሄዷል። «ሦስት ነጥቡን እንያዝ፣ ጎሉ ይቆየን» የሚለው ወዳጄ ይህን ሲሰማ ደስ አይለውም።

ዋናው ጉዳይ ግን ከሜዳ ውጭ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድን ዋንጫውን ወሰዱ። ሁለቱም በደጋፊ ብዛት የሚታወቁ አይደሉም፤ ከጀርባቸው ግን የመንግሥት የፋይናንስ ተቋማት አሉ። እርግጥ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ያሸነፈው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነውና ደጋፊ ያለው ክለብ ተስፋ የለውም ማለቴ አይደለም። ተጫዋቾቹንም ማሳነስ አልፈልግም፣ ሠርተው ነው ያሸነፉት። ነገር ግን ስለ አጥቂና ስለ ዳኛ ሁለት ሰዓት የሚከራከር ደጋፊ ስለ ክለቡ በጀት ሁለት ደቂቃ አለመነጋገሩ ይገርመኛል።

ዋጋው ቀላል አይደለም። የ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ደደቢት በ2011 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫውን ካነሳ አራት ዓመት ሳይዘገይ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ተከተለው። ተጫዋቾች ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ልምምድ ማቆማቸውም ለስፖርት ገጾቻችን አዲስ ዜና አይደለም። ብዙዎቹ የከተማ ክለቦች የሚተዳደሩት ከአስተዳደሩ በሚመደብ ገንዘብ ነው፤ ምክር ቤቱ በጀት ሲቀንስ ወይም ከንቲባው ሲቀየር ክለቡ ይንገዳገዳል። ትኬትና ማሊያ የሚገዛው፣ አውቶቡስ ተኮናትሮ የሚከተለው ደጋፊ ደግሞ በአብዛኛው ድምፅ የሚሰጥበት ጉባኤ የለውም። በሊጉ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ ባለአክሲዮኖቹ ክለቦቹ እንጂ ደጋፊዎቹ አይደሉም።

ይህን ባለፈው ሳምንት ለአንድ ወጣት የቡና ደጋፊ ብነግረው «ጋሼ፣ ኳስ እንይ ወይስ ኦዲት እናንብብ?» አለኝ። ሁለቱንም፣ አልኩት። የክለቡ ሒሳብ በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ለደጋፊው ማኅበር እንዲቀርብ መጠየቅ ስታዲየም ገብቶ ከመዘመር አይከብድም። እሱ ግን ወደ ቀጣዮቹ አምስት ጨዋታዎች ስሌት ተመልሷል። የእኔን ግምት ሲጠይቀኝም፣ ደመወዝ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ሳምንት የሚዘልቀው ክለብ የትኛው እንደሆነ ንገረኝና እነግርሃለሁ አልኩት።